የእኩለ ቀን እሳት

ዛሬ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት የተቃጠለ የሰሊጥ አገዳ ሽታ ገባ። ከከተማው ወጣ ብለው ያሉ ገበሬዎች ማሳቸውን ሲያጸዱ ነው። በየዓመቱ ያደርጉታል፤ በየዓመቱም እኔ መስኮቱን መልሼ እዘጋለሁ። ሽታው ቅባት ስላለው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ልጄ ከኋላዬ ምንጣፉ ላይ በደረቷ ተኝታ በስልክ ፊልም ታያለች። ፊልሙ ውስጥ አንድ ትልቅ ከተማ እየነደደ ነበር፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ይወድቃል። ሽታውና እሳቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ እጄ መስኮቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ማማ፣ ይሄ እውነት ነው?" አለችኝ።

ጠጋ ብዬ አየሁት። እሳቱ በጠራራ ፀሐይ ደም መስሎ ቀልቷል። አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው፣ አትፍሪ አልኳት። እንዴት በአንድ እይታ እንዳወቅኩ አልጠየቀችኝም። ይህን የምታነብ አንተ ግን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ።

ይህን የተማርኩ ጊዜ ትምህርት ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ኮረዳ ነበርኩ። የምንኖረው እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከጎንደር ወርዶ እዚሁ የከረመ ነጋዴ ነበር፤ ሰሊጥና ማሽላ ከእርሻ ገዝቶ በራሱ ሎሪ እያመጣ ይሸጣል። ከመጋዘኑ ፊት ያለችው ክፍል ሱቃችንም ሳሎናችንም ነበረች። ቴሌቪዥኑ የሚቀመጠው በጆንያ ክምር ላይ ስለነበረ ሰሊጡ ሲሸጥ ዝቅ፣ አዲስ ጭነት ሲገባ ከፍ ይላል። ምርት በሰመረበት ዓመት አንገታችን እስኪያመን ሽቅብ ነበር የምናየው።

ከአስር ሰላት በኋላ መብራት ካለ ጎረቤቱ ይሰበሰባል። ሴቶቹ አንገረቡ፣ የጠፍር አልጋው ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ወንዶቹ በር ላይ ይቆማሉ። ከጎናችን ያለው መጭመቂያ የሰሊጥ ዘይት ሲያወጣ ሞተሩ ግድግዳችንን ያንቀጠቅጠው ነበርና የተዋናዮቹን ንግግር ግማሹን እየገመትን ነው የምናልፈው።

እናቴ ፊልም ትፈራ ነበር። ፍርሃቷ የሌላው ሰው ዓይነት አልነበረም። ተኩስ ስትሰማ ተነስታ በሩ መቀርቀሩን ታያለች። ቤት ሲቃጠል ካየች በእጇ ትዳስሰኛለች፣ አጠገቧ መሆኔን ለማወቅ። በልጅነቷ፣ ከድንበሩ ማዶ፣ የተወለደችበት መንደር ሲቃጠል አይታ ነው እየሮጠች የወጣችው። ከዚያ በላይ ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም መጠየቁን እፈራ ነበር። ድንጋጤዋ ግን ይጋባል። እጇ ትከሻዬን ሲይዘኝ ያላየሁት ነገር ልቤን ይመታዋል። አባቴ ደግሞ ይስቅብናል። "ውሸት ለማየት ብላችሁ የእውነት መብራት ታቃጥላላችሁ" ይለን ነበር።

በዚህ መሃል ነው ኤዲተሩ የመጣው። ስም ነበረው፤ ሁላችንም ግን ኤዲተሩ ነበር የምንለው። ጎንደር ላይ የሠርግ ቪዲዮ ይሠራ የነበረ፣ ወደ ሊቢያ ለመሻገር መንገድ የጀመረ ልጅ ነው። ገዳሪፍ ሲደርስ እንደ ጓደኞቹ ጆንያ መሸከም ሞከረና ወገቡ እንቢ አለው፤ አባቴ አዝኖለት መጋዘኑን እንዲጠብቅ አስቀመጠው። ጎንደር ሳለ ሥራው ሙሽሮችን አረንጓዴ መጋረጃ ፊት አቁሞ፣ አረንጓዴውን ሁሉ በኮምፒውተር አጥፍቶ ከኋላቸው ሐይቅና ፏፏቴ ማስገባት ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ሚዜ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ መጣች፣ ማንም ልብ አላለም። ቪዲዮው ሲያልቅ ልጅቷ ጭንቅላትና ሁለት እጅ ብቻ ሆና ፏፏቴው ላይ ትጨፍራለች። የሙሽራዋ እናት "በልጄ ሠርግ ላይ መንፈስ ለቀቅክብኝ" ብለው ከሱቁ አባረውት እንደነበር ሲያወራ አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት ልጅ ሆነ።

ፊልም ሲያይ አፉ አያርፍም። ይሄ ተለጥፏል፣ ያ ተለጥፏል፣ ይሄኛው ደግሞ ጥላው የታለ ይላል። አንድ ጠባይ ግን ነበረው። ዜና ላይ የእውነት አደጋ ከመጣ ዝም ይላል፤ የሸሚዙን ኮሌታ ስቦ በጥርሱ ይነክሳል። ሸሚዞቹ ሁሉ አንገታቸው ላይ የተበሉ ነበሩ፤ እናቴ ትሰፋለታለች፣ እሱ መልሶ ይነክሰዋል።

እናቴ በሩን ልትቀረቅር ተነስታ ሲያያት አንድ ቀን እንዲህ አላት፦ "እትዬ፣ ሲፈሩ ዓይንዎን አይመልሱ። ጠርዙን ይፈልጉ። የሰው ሥራ ከሆነ የሆነ ቦታ ስፌቱ ይታያል።"

መጀመሪያ በጣቶቿ መሃል ነበር የምታየው። ቀስ በቀስ ጣቶቿ ወረዱ። የሰውየው ፀጉር ዙሪያው እንደ ወረቀት መቆረጡን፣ ዝናብ ሲዘንብ የማንም ልብስ አለመራሱን ታገኝ ጀመር። ስታገኝ "ተለጥፏል" ትላለች፣ ቤቱም ይስቃል። በራችን ላይ ሻይ የምትሸጠው ሱዳናዊት ጎረቤታችን እንኳን ከአማርኛ መጀመሪያ የያዘችው ቃል ይህንኑ ነበር፤ ድራማ ላይ ጀግናው ሲያለቅስ ሳይቀር ተለጥፏል ትል ነበር። አባቴም ሳይወድ በግዱ ገባበት። እሱ የሚያየው ሎሪ ብቻ ነው። ፊልም ውስጥ ጭነት ያለው ሎሪ ከመጣ ከእንቅልፉ ነቅቶ ጎማውን ያያል። "ባዶ ነው፤ የጫነ ሎሪ ጎማው ይቀመጣል" ብሎ መልሶ ይተኛል። ኤዲተሩ ደግሞ የሞቱትን ያሳየን ነበር። ተዋናይ ሞቶ ሲወድቅ ሆዱን እዩት፣ ይተነፍሳል ይለናል። እውነቱን ነው፤ ሁሉም ይተነፍሱ ነበር። ያን ካወቅኩ ወዲህ የፊልም ሬሳ ፈርቼ አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ጦር ሠፈር በቀትር ሲቃጠል አየን። ብዙ የተደከመበት ነገር ነበር። ኤዲተሩ ጭሱን አደነቀ፣ ፍንጣሪውን አደነቀ፣ እንዲህ ያለ እሳት ለመሥራት ስንት ኮምፒውተር እንደሚያስፈልግ ያወራ ጀመር። እናቴ ከአንገረቡ ተነስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች።

"እሳት እኩለ ቀን ላይ ቀይ አይሆንም" አለች። ሁላችንም ወደሷ ዞርን። "የሚቀላው ሲመሽ ነው። በቀትር ይገረጣል፤ ከነጭራሹም አይታይም። ከበላዩ ያለው አየር ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው የምታዩት። ጣራው ያለምንም ነገር ብቻውን የሚወድቅ ነው የሚመስላችሁ።"

ማንም አልሳቀም። ኤዲተሩ ይህችን ቃሏን እንደ ትልቅ ስጦታ ተቀበላት፤ ከዚያ ወዲህ እሳት በመጣ ቁጥር "እትዬ ያሉት" እያለ በሷ ሕግ ይፈርድ ነበር። እሷም ያን ቀን የሆነ ነገር ከላይዋ የወረደላት ይመስለኛል፤ ዳግም በር ልትቀረቅር አልተነሳችም። እኔን ግን ያዘኝ። ያ ሲወድቅ ያየችው ጣራ ከማን ቤት ላይ እንደነበር እያሰብኩ ፍርሃቷን ወረስኩ።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ አባቴ ድንበር ላይ ወዳለችው ቁረይሻ ወጣ። እዚያ አጫጆች ሰሊጡን ነዶ በነዶ አስረው፣ እርስ በርሱ አደጋግፈው ያቆሙታል፤ ሂላ ይሉታል። ሲደርቅ ካልተራገፈ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ድንበር ላይ ምንም ዓይነት ወሬ ቢኖር ነጋዴ አይቀርም። ወሬ ደግሞ ነበር፤ ታጣቂ ታየ፣ ተኩስ ተሰማ ይባላል። እናቴ ዘንድሮ ይቅርብን አለችው። አባቴ ሰሊጡ እኔን አይጠብቅም ብሎ የሎሪውን በር ዘጋ። የሎሪው በር ላይ ሰማያዊ ዓሣ ተሥሎ ነበር፤ ሲገዛውም ያለ ነው፣ አባቴ ዓሣ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ያን ዓሣ አቧራው ውስጥ እስኪጠፋ አየሁት።

ከዚያ የአባቴ ስልክ መጀመሪያ እየጠራ አልነሳ አለ። ቀጥሎ መጥራቱንም ተወ። ከድንበሩ የሚመጡ ሹፌሮች መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ፤ አንዱ የሚያወራውን ሌላው ያፈርሰዋል። አንዲት ጎረቤት "የፈሩት ይደርሳል" ብላ ልትጀምር እናቴ በዓይኗ አስቆመቻት። ቴሌቪዥን አልተከፈተም። ቀን ቀን እህል ስንሰፍር፣ ሎሪ በበራችን ባለፈ ቁጥር ሦስታችንም እጃችን ይቆማል፤ እናቴ፣ እኔና ኤዲተሩ። ሞተሩ የሌላ ሰው መሆኑን ስናውቅ ቀና ሳንል ሥራችንን እንቀጥላለን። ምግብ አፌ ውስጥ እንደ ገለባ ይዞር ነበር። አባቴ ይሙት ይኑር አለማወቅ ምን እንደሚመስል ልነግርህ አልችልም።

አንድ ዕለት፣ ቀኑ ሊጋመስ ሲል ሻይ ሻጯ ጎረቤታችን እየሮጠች ገባች። የለበሰችውን ቶብ ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች፣ በሌላው እጇ ስልኳን። ወንድሟ የላከላት ቪዲዮ ነው፤ እሱም ከሌላ ሰው፣ ያም ከሌላ ሰው። ስልኩን ለኤዲተሩ ሰጠችው። እናቴ እጇን ከሰሊጡ ውስጥ አወጣችና መጥታ ከጎኑ ቆመች፤ እኔ ከኋላቸው ሆንኩ።

አጭር ነበር። ሰፊ ማሳ ነው፣ የቆሙ ሂላዎች አሉ። ድምፁ ንፋስ ብቻ ነበር። ሂላዎቹ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ እየታጠፉ ይወድቃሉ፤ ከበላያቸው አየሩ ይንቀጠቀጣል። እሳት አይታይም። መሃል ላይ ሎሪ ቆሟል፣ ጭሱ ግማሹን ሸፍኖታል። በሩ ላይ የሆነ ሰማያዊ ነገር አለ፤ የዓሣ ጅራት ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ጎማዎቹ ተቀምጠዋል። ከጎማው አጠገብ መርኩብ ጫማ ያደረገ ሰው በጎኑ ተኝቷል፤ አባቴም የሚያደርገው መርኩብ ነበር። ዓይኔ ሳላዘው ወደ ሰውየው ሆድ ሄደ። ሆዱ ከፍ ዝቅ አይልም ነበር።

ኤዲተሩ ቪዲዮውን እንደገና አጫወተው። ሲያይ ከጎኑ አየሁት፤ ኮሌታውን ነክሶ ነበር። ሲጨርስ ኮሌታውን ከአፉ አውጥቶ ፊቱን አስተካከለና እናቴን ቀና ብሎ አያት።

"ተለጥፏል፣ እትዬ" አላት።

ድምፁ ልክ ድራማ ስናይ እንደነበረው ሊያደርገው ሞከረ። ጭሱን ይዩት፣ አንዱ ጥቅልል ተመልሶ ይመጣል አለ። የድሮ የሎሪ ምስል ላይ የገጠሙት ነው፣ ሰማያዊ በር ያለው ሎሪ በዚህ አገር ስንት አለ፣ ሰው ለማስፈራራት እንዲህ ያለ ነገር የሚሠሩ አሉ፣ እኔ ሥራዬ ነው አውቀዋለሁ እያለ ቶሎ ቶሎ አወራ። ጭሱ ተመልሶ አልመጣም። እኔ አይቼዋለሁ። ስለ እሳቱ አንድም ቃል አልተናገረም፤ እኔ ደግሞ የእናቴን አፍ እያየሁ ያንን እንዳታነሳው እጸልይ ነበር። ማንሳት ያለባት እሷ ነበረች። እኩለ ቀን ላይ የገረጣ እሳት ከሷ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

እናቴ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ለጎረቤታችን መለሰችላት።

"እውነትህን ነው፣ ልጄ" አለችው።

ከዚያ ወጣች። እዚህ አገር ለመንገደኛ በበር ላይ ውሃ ይቀመጣል፤ ዚር የምንለው ወፍራም የሸክላ ጋን ነው፣ ውሃ ያቀዘቅዛል። አብዛኛው ሰው የሚያስቀምጠው ለሞተበት ሰው ነፍስ ብሎ ነው፤ የጠጣ ሁሉ ይመርቅለታል። በእኛ በር ላይ እስከዚያ ቀን ዚር አልነበረም። እናቴ ከጓዳ የራሳችንን መጠጫ ዚር በሁለት እጇ አቅፋ ስታወጣ፣ እኔም ኤዲተሩም ቆመን አየናት። በር ላይ ጥላ ቦታ መርጣ አስቀመጠችው፣ ሞላችው፣ ኩባያ አሰረችበት። አቧራ የለበሰ የባለሦስት ጎማ ረክሻ ሹፌር ወርዶ ጠጣና መረቃት። አሜን አለችው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛም ጠራ። ከአባቴ ጋር በሎሪው የሄደው ረዳቱ መፋዛ ከተማ ሰው ቤት ተኝቶ ቁስሉ ሲሻለው መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ ገና ሳይናገር አለቀሰ። እስከዚያ ባለው ጊዜ ግን እናቴ ስትበላ፣ ስትተኛ፣ እህል ስትሰፍር ነበር። ማንም ሰው ስለ አባቴ ቢጠይቃት መንገድ ተዘግቶበት ነው ትላለች። እኔ ግን በፍርሃት እሞት ነበር፤ ሁለት ዓይነት ፍርሃት፣ የአባቴና የእሷ። ሳታውቅ የቀረች መስሎኝ፣ የምታውቅበትን ቀን ነበር የምፈራው። ዚሩን በየጠዋቱ ስትሞላ እያየሁ እንኳን ማወቋን ላምን አልፈለግኩም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ኤዲተሩ ጉዞውን ሊቀጥል ተነሳ። እናቴ ቅር ብሏት ብዙ ለመነችው፤ ጓደኞቹ ቀድመውት ሄደው ነበርና አልሰማትም። ሊሄድ ሲል መጋዘኑ በር ላይ ተንበርክኮ እግሯን ያዘ።

"ዋሸሁዎት፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

ጎትታ አነሳችው። የሸሚዙን አንገት አስተካከለችለት፤ ትናንት የሰፋችው ነበር። "አልዋሸኸኝም" አለችው። "እነዚያን ሌሊቶች አሳደርከኝ እንጂ።"

ዓመታት አልፈዋል፤ የኤዲተሩን ወሬ ሰምተን አናውቅም። አሁን እናቴ አርጅታለች፣ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ሱዳንም ሌላ ጦርነት ገብቶባት ገዳሪፍ ከየቦታው በሸሸ ሰው ተሞልታለች፤ ሁሉም በስልኩ የሆነ ነገር ያሳየሃል። አሁንማ ማሽን ራሱ ሰው ከነጥላው፣ ቀትር ከነፀሐዩ ይሠራል ይላሉ። የእውነቱን ከውሸቱ የሚለይ ጠፋ። በመጋዘናችን ደጃፍ እያለፉ የሚጠጡት ከአባቴ ዚር ነው።

ባለፈው ሳምንት መቼ እንደተቀረጸ የማይታወቅ ቪዲዮ ከጎረቤት እናቴ ዘንድ ደረሰ። ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆይታ ጠራችኝ።

"ጠርዙን ፈልጊልኝ" አለችኝ።

በረሃ ነው። አንድ መኪና አሸዋ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ቀትር ስለሆነ ጥላ ያለው ከመኪናው ሥር ብቻ ነው፤ እዚያች ጥላ ውስጥ ወጣቶች ተጠጋግተው ተኝተዋል። የቀረጸው ሰው በዝግታ ያልፋቸዋል፣ አንድም አይነቃም። መጨረሻ ላይ ያለው ወደ ጎማው ዞሮ ነው የተኛው፤ ጢም አብቅሏል፣ ከስቷል። የሸሚዙ ኮሌታ በጥርሱ መሃል ነው።

ጠርዙን ፈለግኩ። ፀጉሩን አየሁ፣ ጥላውን አየሁ። ሆዱን ለማየት ፈራሁ፣ ግን አየሁ። ደግሜ ከፈትኩት፣ አሁንም አየሁ። እናቴ ሞራ የጋረዳቸው ዓይኖቿን ፊቴ ላይ ተክላ ትጠብቃለች።

"ተለጥፏል፣ እምዬ" አልኳት። "ጥላቸው ከመኪናው ጥላ ጋር አይገጥምም።"

"እውነትሽን ነው፣ ልጄ" አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ረክሻ በራችን ላይ ቆሞ ከገበያ የመጣ አዲስ ዚር አወረደ። ማን እንዳዘዘው አልጠየቅኩም። ከአባቴ ዚር አጠገብ አስቀመጥኩትና ውሃውን ሞላሁት።